ለሽርሽር አይደለም የመጣነው

በአገራችን ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አልቀረም። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከሻይ ዕረፍት ዘግይተው የሚገቡትን በዓይኑ እየተከተለ እስኪቀመጡ ይጠብቃል፤ ከዚያ «እንግዲህ እዚህ የመጣነው ለሽርሽር አይደለም» ይላል። ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ ውሎ አበል ተቆርጦለት የተሰበሰበው ሰልጣኝ ሁሉ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ግማሹ የዋና ልብሱን በሻንጣው ይዞ እንደመጣ እያወቀ ማለት ነው።

ሽርሽር የሚባለው ቃል በኛ ዘንድ ሁልጊዜ ተከሳሽ ነው። ለሕክምና ውጭ አገር መሄድ ያሳዝናል እንጂ አያሳማም። ለትምህርት መሄድ ያስከብራል። ለንግድ፣ ለጉባኤ፣ ለጸሎት፣ የወለደች ልጅን ለማረስ መሄድ ሁሉም ስም አለው። ባልና ሚስት ግን ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ አንድ ትልቅ ከተማ ለማየት ብቻ ሄዱ ከተባለ «ምን አግኝተው ነው?» ይባላል። ያገኙት ነገር ከሌለ ደግሞ ቅብጠት ነው።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ የወጣሁ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር አራት ቀን ሮም ለመሰንበት ስንነሣ፣ የቪዛው ቅጽ «የጉዞው ዓላማ» ብሎ ጠየቀን። «ጉብኝት» ከሚለው ጎን ምልክት ሳደርግ እጄ ከበደኝ። አንድ ወዳጄማ «ትንሽ ጉባኤ ፈልገህ ብትለጥፍበት አይሻልም?» ብሎኛል። ለቪዛው አስቦ አይደለም፤ ለስሜ ተጨንቆ ነው።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን አንድ አሮጌ ፊልም ነው። ጉዞውን የምጠቅሰው በዚህ ፊልም ላይ የነበረኝን ፍርድ ስለነካብኝ ነው። ፊልሙ «ሮማን ሆሊዴይ» ይባላል፤ «የሮም ሽርሽር» ብንለው ያስኬዳል። ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው፣ ግሪጎሪ ፔክና ኦድሪ ሄፕበርን የሠሩት፣ በ1953 ለዕይታ የበቃ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው፤ ፊልሙም ከተማውም የነሱ ነውና።) ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ሮም ገብተው ሲቀልዱ፣ ጄላቲ ሲልሱ፣ በቬስፓ ሲፈተለኩ የምናይባቸው ፖስተሮችና ማስታወቂያዎች ሁሉ አባት እሱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩን ለረሳው አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ። ስሟ ያልተጠቀሰ አገር ልዕልት የአውሮፓን ዋና ከተሞች በበጎ ፈቃድ እየጎበኘች ሮም ትደርሳለች። እጅ መጨበጥ፣ ፈገግታ፣ ንግግር፣ ደግሞ እጅ መጨበጥ። አንድ ሌሊት ይሰለቻትና ከቤተ መንግሥቱ ሾልካ ትወጣለች። የሚያስተኛ መድኃኒት ወስዳ ስለነበር መንገድ ዳር ተኝታ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ያገኛታል። ማንነቷን በማግስቱ ከጋዜጣ ላይ ሲያውቅ፣ እንዳላወቀ ሆኖ ከተማውን ሊያዞራት ይነሣል፤ ፎቶ አንሺ ጓደኛው በድብቅ ያነሣል፤ ወሬው ይሸጣል። እሷም ከትምህርት ቤት የጠፋች ልጅ ነኝ ትለዋለች። እንግዲህ ሁለት ውሸታሞች አንድ ቀን ሙሉ አብረው ይንሸራሸራሉ።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ፊልም በቪዲዮ ካሴት ለተማሪዎቼ አሳያቸው ነበር። የማሳያቸው ግን ለመክሰስ ነው። ከጎኑ የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» አስቀምጥ ነበር፤ የ1948 ሥራ ነው። እሱም በሮም ጎዳና የተቀረጸ ነው፤ እሱም ውስጥ ሁለት ሰዎች ከተማዋን ያካልላሉ። ልዩነቱ እነዚህ አባትና ልጅ መሆናቸው፣ የሚያካልሉትም የተሰረቀች ብስክሌት ፍለጋ መሆኑ ነው። ብስክሌቷ ከሌለች ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ እንጀራ የለም። በአንዱ ፊልም ሁለት ጎማ ሕይወት ነው፤ በሌላው መጫወቻ ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መስመር አሰምር ነበር። ተማሪዎቼ ይጽፉ ነበር። አንዳንዶቹ ጄላቲ እያማራቸው እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ከክሱ ሁሉ የምወደው ግን የራሳችንን ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው በ1952 በጋ ነው። ከዝነኞቹ ትዕይንቶች አንዱ ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ካለው «የእውነት አፍ» ከሚባለው ክብ የእምነበረድ ፊት ዘንድ ይፈጸማል። ውሸታም ሰው እጁን አፉ ውስጥ ቢከት ይቆረጥበታል ይባላል። ታዲያ ከዚያ ቦታ ተነሥቶ የጥንቱን የፈረስ መሮጫ፣ ቺርኮ ማሲሞን፣ በእግር የጨረሰ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ምን ያገኝ ነበር? የአክሱምን ሐውልት! የሙሶሊኒ መንግሥት በ1937 አጓጉዞ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ያቆመውን 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሐውልት።

በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር። ግሪጎሪ ፔክ እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ሲጮህ ቀነ ገደቡ ካለፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከሐውልቱ አጠገብ ያለው ትልቅ ሕንፃም ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው፤ አፍሪካቸው ሲጠፋ ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ለፋኦ፣ ተሰጠ። ድርጅቱ ወደ ሮም የተዛወረው በ1951 ነው። ልዕልቷ ወደዚያ አትሄድም። የእውነት አፍ ካለበት የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ውል ያፈረሰ መንግሥት ምስክር ቆሞ፣ ፊልሙ ስለ እጅ መቆረጥ ይቀልዳል። ይህን ለክፍሉ ስናገር ጸጥታው ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ክስ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ነው እንግዲህ ለሽርሽር የሄድኩት።

ሮም በባቡር የሚገባ ሰው ቴርሚኒ ጣቢያ ወርዶ መጀመሪያ የሚረግጠው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» እንደማለት ነው። (እኛ ፒያሳ አንድ ብቻ ይመስለን ነበር።) አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ትንሽ ወረድ ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ከላዩ ያለው ሐውልት ደግሞ የግብፅ ነው። አፍሪካ ውስጥ ለሞቱት ወታደሮች ከአፍሪካ የመጣ ድንጋይ አቆሙላቸው። ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚያመጣን ባቡር እዚያው ስላወረደን ሻንጣችንን እየጎተትን ይህን ለባለቤቴ አስረዳኋት። በወረራው ዘመን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከአዲስ አበባ ተነቅሎ እዚሁ አካባቢ እንደቆመ፣ ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘውም በዚሁ እንደሆነ ጨመርኩላት። ሰማችኝ። ከዚያ ሆቴላችን በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ላተራኖ ከሚባለው ሰፈር «አምባ አራዶም» የሚል ጎዳና አገኘሁ። እነሱ አምባ አራዳም ይሉታል። በየካቲት 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር የተሸነፈበት ተራራ ነው። ከዚህ ስም በጣሊያንኛ «አምባራዳን» የሚል ቃል ወጥቷል፤ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ማለት ነው። የብዙ ሺህ ሰው እልቂት የልጆች ክፍል መዝረክረክ የሚገለጽበት ቃል ሆኖ ቀረ። ለቋንቋ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ጎዳናው ላይ ቆሜ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ታሽ ነበር። «የኔታ» አለችኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን «የኔታ» ያለችኝ ጊዜ ሁሉ መልካም ነገር ተከትሎ አያውቅም። «የኔታ፣ ዛሬ የዕረፍት ሰዓት የለንም?»

ሦስተኛው ቀን ላይ ሐውልቱ የነበረበት ቦታ ሄድን። መቼም ሐውልቱ በ2002 መብረቅ ከመታው በኋላ፣ ተፈታትቶ በሚያዝያ 2005 በሦስት በረራ አክሱም መግባቱን፣ በ2008 ተመልሶ መቆሙን ሁላችንም እናውቃለን። ሮም ላይ የነበረበት ስፍራ ዛሬ በመስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለሞቱት መታሰቢያ የሚሆኑ ሁለት ጥንታዊ ምሰሶዎች ቆመውበታል፤ መኪና ይዞረዋል። ስለ ሐውልቱ የሚናገር ነገር በዓይኔ ፈልጌ አጣሁ። ተቆጣሁ። ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ስለ ሰላሙ ውል አንቀጽ፣ ስለ 18 ወሩ፣ ስለ ፊልሙ ዕውርነት ከሀ እስከ ፐ አወረድኩት። ባለቤቴ እስክጨርስ ጠበቀችና፣

«ሐውልቱ እንኳ ወደ ቤቱ ገብቷል። እዚህ የቀረኸው አንተ ነህ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ደግሜ አይቼዋለሁ። ያየሁትም ሳስተምረው ከነበረው የተለየ ነው።

አንደኛ፣ እኔ ባዶ ያልኩት ፊልም ባዶ አይደለም። መሐል ላይ ጋዜጠኛው ልዕልቷን አንድ ግድግዳ ዘንድ ይወስዳታል። ግድግዳው በምስጋና ጽላቶች ተሸፍኗል። በጦርነቱ ጊዜ አንድ አባት ከልጆቹ ጋር የቦምብ ድብደባ ደርሶበት እዚያ ተጠግቶ ጸለየ፣ ዳነም፤ ከዚያ ወዲህ ሰው እየመጣ ስለት ይሳልበታል ይላታል። ሮም በ1943 በቦምብ የተደበደበች ከተማ ናት፤ ፊልሙ ሲቀረጽ ገና አሥር ዓመት አልሞላትም። ልዕልቷ ዝም ብላ ታየዋለች፤ በልቧ ትመኛለች፤ ምኞቴ መፈጸሙን እንጃ የምትል ትመስላለች። አጭር ነገር ነው። ያንን ካሴት ስንት ጊዜ ክፍል ውስጥ እንዳስኬድኩት አላውቅም፤ ይህችን ትዕይንት ግን አንድም ቀን አላነሣኋትም። ለክሴ አትመችም ነበርና።

ሁለተኛ፣ ይህን ቀላል የመሰለ ታሪክ የጻፈው ማን ነው? ዶልተን ትራምቦ ነው። የኮሙኒስት ፓርቲ አባልነቱን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ተጠይቆ አልመልስም በማለቱ ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ በ1950 እስር ቤት የገባ ጸሐፊ። ስሙ ፊልሙ ላይ አልወጣም፤ ኢያን መክሌላን ሀንተር የተባለ ወዳጁ በስሙ ሸፈነለት። ታሪኩ ኦስካር ሲያገኝ የተሸለመው ሀንተር ነው። ትራምቦ በ1976 ሞተ፤ ሽልማቱ ለሚስቱ የተሰጣት በ1993 ነው። ከተመደበላት ሥራ አንድ ቀን ሰርቃ በሌላ ስም የምትንሸራሸርን ሴት የፈጠረው ራሱ በሌላ ሰው ስም ለመጻፍ የተገደደ ሰው ነበር። ይህን አውቄ ባስተምር ኖሮ የትኛውን መስመር የት እንደማሰምር እንጃ።

ሄፕበርንም ብትሆን በ1944 እና በ1945 መሐል በሆላንድ የወረደውን ረሃብ በልጅነቷ ያየች ናት። በመጋቢት 1988 የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነበር፤ መቀሌ ድረስ ሄዳ ወላጅ አልባ ሕፃናትን አይታለች። በፊልሙ ውስጥ ያመለጠችውን የበጎ ፈቃድ ጉብኝት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ፈልጋ ገባችበት። ይህን የምለው ፊልሙን ለማጽደቅ አይደለም፤ ተዋናይት ጥሩ ሰው ሆነች ተብሎ ፊልም ጥሩ አይሆንም። የምለው፣ የሚስቅ ሰው ሁሉ ከባድ ነገር ያላየ ነው ብዬ ክፍል ሙሉ ተማሪ ማስተማሬ ስህተት እንደነበር ነው።

ሦስተኛውን ለመናገር ያሳፍረኛል። በ«የብስክሌት ሌቦች» ውስጥ አባትየው ተስፋ ሲቆርጥ ልጁን ምግብ ቤት ያስገባዋል። የሌላቸውን ገንዘብ ያወጣሉ፤ ወይን ይቀርባል፤ ልጁ በጥርሱ አይብ እየጎተተ፣ ጎናቸው የተቀመጠውን ሀብታም ልጅ እያየ ይበላል። ይህን ትዕይንት በፊልም ታሪክ ውስጥ ካሉት ታላላቆች አንዱ ነው እያልኩ አወድሰው ነበር፤ ዛሬም አልመለስም። ግን ምንድን ነው? ሽርሽር ነው! ለአንዲት ሰዓት ጭንቅን ደጅ አስቀምጦ መግባት ነው። ለድሃው ልጅ የፈቀድኩትን አይብ ለልዕልቷ በጄላቲ መልክ ሲመጣ ነፈግኋት። ሀብታም ናት ብዬ ነው? ወይስ የደስታ ፈቃድ የሚሰጠው መጀመሪያ በበቂ ላለቀሰ ብቻ ነው?

ነቀፋዬን ሁሉ ግን አላነሣም። ፊልሙ ውስጥ የሮም ሰው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ጠጉር ቆራጭ፣ ባለታክሲ፣ ዘበኛ፣ ፖሊስ። የሚጮኹት ጣሊያንኛ እንኳ ብዙው አይተረጎምም፤ እንዲያስቅ ብቻ ነው የተፈለገው። ታሪክ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም እንግዶች። ሌላው ሕዝብ ከበስተጀርባ የተሰቀለ መጋረጃ ነው። ይህ ጉድለት ነው፤ ከፊልሙ በላይም ዘልቋል። የስፔን ደረጃዎች በሚባለው ቦታ ልዕልቷ ተቀምጣ ጄላቲ ስለበላች በየዓመቱ ስንት ሺህ ጥንድ እዚያ እየተቀመጠ ይልስ ነበር። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ በ2019 ደረጃው ላይ መቀመጥ ከለከለ፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። እኛም ቁጭ እንዳልን አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ፊሽካ ነፋችብን። ባለቤቴ በሳቅ ሞተች።

ነገር ግን ይህ የቅጂው ጥፋት ነው፤ ገልባጮቹ ጄላቲውን ወስደው ሰዓቱን ትተውታል። ፊልሙን እስካሁን ያኖረው ሰዓቱ ነው። ልዕልቷ አንድ ቀን ብቻ እንዳላት ከመጀመሪያው ታውቃለች። ሲመሽ በራሷ ፈቃድ ትመለሳለች፤ ጋዜጠኛውም በራሱ ፈቃድ ወሬውን ይተወዋል፤ ዕዳ ነበረበት፣ ይሸጠው ነበር። መጨረሻ ላይ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት ይገናኛሉ። የሚባባሉት ነገር ሁሉ ለሌላው ሰው ተራ የፕሮቶኮል ንግግር ነው። እጅ ትጨብጠዋለች፤ እንደ ሌሎቹ ጋዜጠኞች። ከዚያ እሱ ረጅሙን አዳራሽ ለብቻው ይሄደዋል፤ ኮቴው ይሰማል። ሌላ ፊልም ቢሆን ታስጠራው ነበር። ይሄኛው አላስጠራችውም።

በክፍሌ ውስጥ ይህንን መጨረሻ «የመደብ ሥርዓቱን ያስከብራል» በሚል አንድ መስመር አልፌው ነበር። ያስከብራል፤ አልካድኩም። ግን ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚያየው ሰው፣ አንድን ሰው በሙሉ ልብ ያየበትን ቀን የሚቆጥርባት ጣት ካለችው፣ በአንድ መስመር አያልፈውም።

ወደ ራሴ ዓይን ልመለስ። ክሱን ይዤ የዞርኩት እኔም ከተማዋን አላየኋትም። የመረጥኩት ዶጋሊን፣ አምባ አራዶምን፣ ሐውልቱን ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ የወጣነው ባለቤቴ ስለፈለገች ብቻ ነው። ከላይ ሆነን ወደ አትክልቱ ስንመለከት «ያቺ የነማን ናት?» ብላ ያሳየችኝ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የኛው ሆና ተገኘች፤ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ። ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መነኮሶቻችን በኢየሩሳሌም በኩል እየመጡ ያረፉባት ናት። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 በዚህች ከተማ ታተመ። አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት እዚሁ በ1548 እና 49 ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ ባይ ሆኜ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ከዝርዝሬ ውስጥ አላገባሁትም ነበር። ማንም ሳያስገድዳቸው የሄዱ፣ ወደውት የተቀመጡ፣ ሥራ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ለቁጣዬ ግን አልጠቀሙኝም።

የመጨረሻው ቀን የሷ ሆነ። ካርታውን ተቀበለችኝ። አንድ ገበያ ውስጥ ገብተን በእጅ ምልክት ኮክ ገዛን፤ ሻጩ የአገራችንን ስም ሲሰማ «አበበ ቢቂላ!» ብሎ አንድ ፍሬ ጨመረልን። (በ1960 በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ከተማ መሆኑን እንኳ እኔ አልነበርኩም ያነሣሁት።) ወንዙ ዳር ተቀምጠን ኮኩን በላን። ስለ ልጆቻችን አወራን፤ ከዚያ ስለ ምንም አላወራንም።

ከሰዓት በኋላ የእውነት አፍ ዘንድ ተሰለፍን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ብዙው ጥንድ ጥንድ ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው አንድ ነው፦ እጅ መክተት፣ አፍ መክፈት፣ ፎቶ። በፊልሙ ውስጥ ልዕልቷ እጇን አስጠግታ ፈርታ ትመልሰዋለች፤ ስለዋሸች ነው። እሱም ያመነታል፤ እሱም ዋሽቷል። ከዚያ እጁን ከቶ ይጮሃል፤ ሲያወጣው እጁ የለም፤ ለካ እጅጌው ውስጥ ደብቆታል። ፔክ ይህን እንደሚያደርግ ለሄፕበርን አስቀድሞ አልተነገራትም፣ ጩኸቷ የእውነት ነው ይባላል።

ባለቤቴ ምንም ሳታመነታ እጇን ከተተች፤ አነሣኋት። ተራው የኔ ሆነ። እጄን ከትቼ ካሜራውን ሳይ ካሜራውን ዝቅ አደረገችና፣

«በል የኔታ» አለችኝ፣ «ይህን ሁሉ መንገድ ለምንድን ነው ያመጣኸኝ?»

ከኋላችን የቆሙት ወጣቶች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ዘበኛው በእጁ ቶሎ ቶሎ ይላል።

«ለሽርሽር» አልኳት።

«ቆይ፣ እጅህን አታውጣው» አለች።